የእናት ጽጌረዳ የመጨረሻ ቅርንጫፍ

ሰፈሩ «ሳሙናው» ይለዋል። ሳሙናን ራሱን በሌላ ሳሙና ሳያጥብ አይታጠብበትም። አንድ እጁን ሰው ሲጨብጠው ሌላኛው እጁ ቧንቧ ከፍቶ ይጠብቃል። ማንቆርቆሪያው ከምድጃ ወርዶ አያውቅም፤ ድመቷ ሳትቀር ያልፈላ ውሃ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች።

ይህ ሁሉ ጽዳት ግን የእናቱን ጽጌረዳ አላዳናትም። እናቱ በመስኮቷ ሥር የተከለቻት ናት፤ እናትየው ከሞተች ወዲህ ግንዷ በስብሶ የቀሯት ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው። እየቆረጠ ቢተክል፣ ቢተክል፣ ሥር አላወጣ አሉት።

በመጨረሻ የችግኝ ጣቢያዋ ባለሙያ አንድ ጠርሙስ ሰጠችው።

«የአፈር ባክቴሪያ ነው ጋሼ። ቁራጩን ነክረው ይትከሉት፤ ሥር ያስወጣል።»

«ባክቴሪያ? እኔ ቤት?»

«አይዞዎት፣ ጥሩዎቹ ናቸው።»

«እንግዲያ ጥሩ ቁንጫም ሊኖር ነዋ» አላት። ጠርሙሱን ግን በሶፍት ጠቅልሎ ወሰደ።

ነከረ፣ ተከለ። ቁራጮቹ ጠቁረው ሞቱ። ጠርሙሱ ገና ቤት ሳይገባ ከውስጡ በብርጭቆ የተካፈለው ጎረቤቱ ግንበኛው ግን የተከለው ሁሉ ሥሩ እንደ ገዛ ጢሙ ተንዠረገገ።

«መድኃኒቱማ ደህና ነው» አለች ባለሙያዋ ተመልሶ ሲጠይቃት። «ቤት ውስጥ ቁራጮቹን የሚነካካ ሰው ይኖር ይሆን?»

ሳሙናው ነገሩ ገባው። ቤት ያለችው ከባሏ ተፋትታ የመጣችው እኅቱ ብቻ ናት። እናታቸው የሞተችው ከእሷ ጋር እንደተኳረፈች ነው። ኩባያ ይዛ ችግኞቹ ያሉበት ክፍል ስትገባም አይቷታል።

«ምን ጨመርሽባቸው?»

«ምንም። ላያቸው ነው የገባሁት። የእኔስ እናት አይደለችም?»

«በቁሟ አስለቀስሻት፤ ሞታም አልተውሻትም። ውጪልኝ።»

እኅቱ ልብሷን በፌስታል ሰበሰበች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ድንገት ከበቀለች አንድ ቅጠል ላክልኝ» አለችው። እሱ የነካችውን የበር እጀታ እየወለወለ ነበር።

የቀረችው አንዲት ቅርንጫፍ ናት። ባለሙያዋ አዲስ ጠርሙስ ሰጠችው። ቅርንጫፏን ቆረጠ፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ እፎይ አለ። ከእንግዲህ የእናቱን ጽጌረዳ የሚገድል እጅ እዚህ ቤት የለም።

ከዚያ እንደ ወትሮው ጠርሙሱን ከፍቶ ባክቴሪያውን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገለበጠና፣ ተንተክትኮ እስኪፈላ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።