የማይመለስ ፊደል

መስማት የተሳናት እህቴ እማዋይሽ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። በአዲሱ የስልክ ደንብ የምጽፍላት ሁሉ ፊደሉን እንደነካሁ ይደርሳታል፤ እንደ ሰሚ ሰው ወሬውን ትኩስ በትኩስ እንድትቀበል ነው። ደግ ደንብ ነው፤ የተነካ ፊደል ግን አይመለስም።

አባባ ያረፈ ዕለት አመሻሽ ላይ ጻፈችልኝ። መርዶውን ጎረቤቶቿ ሊነጋጋ ሲል እንዲነግሯት ተስማምተን ነበር።

«ምነው ጠፋህ? አባባ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ትናንት እንኳ አባባ ነፍሱን ይማ»

እጄን ሰበሰብኩ። የሞተ ሰው ሲነሳ አፌ የለመደውን ጣቴ ቀድሞኝ ጻፈው።

ከዚያ ፊደሎቿ አንድ በአንድ መጡ።

«አየሁት። ማነው የሚያረዳኝ?»

«እነ እትዬ ብርቄ።»

«እንዳወቅኩ አትንገራቸው። አሁን እንኳ እንዴት እንነግራታለን እያሉ ይጨነቁ ይሆናል።»

«እሺ እቴ። አንቺ ግን እንባሽን አትያዢው።»

«ከእነሱ ጋር ግድግዳችን አንድ ነው። ድምፄ ምን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም። እዚሁ ላልቅስ?»

«አልቅሺ» አልኳትና ስልኩን መብራቱ ስር አስጠግቼ ተቀመጥኩ።

ፊደል በፊደል ይመጣ ጀመር፤ አባ፣ አባ፣ አባ። አንዱንም ሳላሳልፍ አነበብኩላት።