ለቅዳሜ የሚወጡ ፎቶግራፎች

የመጀመሪያው ዜና የወጣው ሰኞ ነው። «በሶም ወንዝ ታላቅ ድል፤ የእኛ ጉዳት ጥቂት ነው» ይላል ከለንደን የመጣው ጋዜጣ። የአንዲት ትንሽ ከተማ የጥጥ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በምሳ ሰዓት እየተቀባበሉ አነበቡትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከከተማዋ ሰባት መቶ ልጆች በአንድ ሻለቃ ወደዚያው ዘምተዋል። ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ፖስተኛው መርዶ ማደል ጀመረ። እናቶችም የልጆቻቸውን ፎቶ እየያዙ የከተማዋ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቢሮ ደጅ ላይ ተሰለፉ።

ፎቶውን የምትቀበለው ኤዲት ሃርግሪቭስ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት እዚያ መቀበያ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ድሮ የምትቀበለው የሠርግና የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አራት መስመር ትጽፋለች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አሟሟት። አሟሟቱ ያው ነው፤ «በቅጽበት አረፈ፤ ስቃይ አላወቀም።» ሻምበሉ ለየቤቱ የላከው ደብዳቤ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

«ሁሉም በቅጽበት?» አለ አዘጋጁ አቶ ሆልደን፣ ወረቀቶቹን እያገላበጠ።

«እንዲያ ነው የሚሉት።»

«እንግዲህ እንዲያ ይውጣ፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭስ።»

የኤዲት ልጅ ዊልፍሬድና የጎረቤቷ የአግነስ ክሌግ ልጅ ኧርነስት በአንድ ቀን ተመዝግበው በአንድ ጓድ ነበር የዘመቱት። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ልጆቹ ጽሕፈት የለመዱትም በኤዲት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሁለቱም ወሬ አልመጣም። እናቶቹ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ቆመው ፖስተኛውን ይጠብቁ ነበር። ሲያልፋቸው «ተመስገን» ይባባላሉ፤ ከዚያ ወደየሥራቸው።

ማክሰኞ አግነስ ማልዳ ፋብሪካ ገብታ ስለነበር ኤዲት ብቻዋን ቆመች። ፖስተኛው ከሩቅ እጁን አወዛወዘ።

«ከግንባር ነው! በእርሳስ የተጻፈ የወታደር ደብዳቤ ነው፤ የመንግሥት አይደለም!»

ኤዲት የእጅ ጽሑፉን ገና ሳትቀበለው አወቀችው። ቆማ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ገብታ የታጠበ ኩባያ መልሳ አጠበች። ገመድ ላይ የተሰጣውን የዊልፍሬድን የእሑድ ሸሚዝ አውርዳ ተኮሰችና ሣጥን ውስጥ አኖረችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያን ቀን አሥራ ስድስት ፎቶ ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ አግነስ ከነጥጥ ብናኟ ሮጣ ደረሰች።

«ደብዳቤ ደረሳት አሉኝ! እውነት ነው?»

«ደርሶኛል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት! በይ፣ ዊልፍሬድ ስለ ኧርነስት ምን አለ?»

ኤዲት ፎቶዎቹን ማስተካከል ጀመረች። «ዊልፍሬድ ምንም አላለም።»

«ምንም? አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚል ዓይነት ልጆች፣ ምንም?»

«ሰው ቆሟል፣ አግነስ።»

አግነስ ቀና ብላ ፊቷን አየችው። የኤዲት ፊት እንደ ግድግዳ ነበር። አግነስ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ወጣች።

ረቡዕ ኤዲት በጓሮ በር ወጣች፣ በጓሮ በር ገባች። እራት ላይ ግድግዳው ተደበደበ።

«ኤዲት! ቁርጤን ንገሪኝ! ኤዲት!»

ኤዲት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ድብደባው እስኪቆም ተቀመጠች። ሾርባዋ ቀዘቀዘ። መልሳ አላሞቀችውም።

ሐሙስ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«የአግነስን መርዶ ኪሷ ይዛ ትዞራለች» አለች ከሰልፉ አንዷ፣ ኤዲት እንድትሰማ ጮክ ብላ።

«ተይ፣ አትፍረጂባት። አንቺ ብትሆኚ በምን አፍሽ ትናገሪው ነበር?» አለች ሌላዋ።

«የእሷ ልጅ ደህና ነው። ለደህና ሰው ዝም ማለት ቀላል ነው።»

ኤዲት ሰማች። «ቀጣይ» አለች።

ዓርብ ለቅዳሜው ጋዜጣ ፎቶ የሚዘጋበት ቀን ነው። አግነስ ጥቁር ለብሳ መጣች። ሴቶቹ ቅድሚያ ሊሰጧት ቢሉም እንቢ ብላ ተራዋን ጠበቀች። ሲደርሳት የኧርነስትን ፎቶ መስኮቱ ላይ አኖረችው። ቆቡ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወርዷል።

«አስገቢው።»

«አግነስ…»

«አንቺ እንደሆንሽ አትነግሪኝም። እርሜን ላውጣ። እንደ ሰው ሁሉ ጠይቂኝ።»

ኤዲት ብዕሯን ቀለም ነከረች። «ዕድሜ?»

«ሃያ አንድ። ታውቂው የለም እንዴ?»

«ሥራ?»

«ሸማኔ። የሦስት ቁጥር ፋብሪካ።» ፎቶውን ወደ ኤዲት ገፋ አደረገችው። «አሁን ያቺን ጻፊያት፤ በቅጽበት የምትሏትን። ለእኔም ልጅ ጻፊያት።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀለሙ ፈሶ ትንሽ ኩሬ ሠራ። አቶ ሆልደን ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አያቸው።

ኤዲት ብዕሩን አስቀመጠች። ደብዳቤውን ከኪሷ አውጥታ ለአግነስ ሰጠቻት።

«ማክሰኞ ልሰጥሽ ይገባኝ ነበር» አለች። «ከሰጠሁሽ እውነት ሊሆን ነው ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች እንዳትወድቅ አግነስን በሁለት ክንዷ ያዟት። አግነስ ወረቀቱን ዘረጋችው፤ የልጇን የኧርነስትን የእጅ ጽሑፍ አየች።

«እትዬ ኤዲት፣ ዊልፍሬድ እጄ ላይ አረፈ፤ እኔ እግሬን ብቻ ነው የቆሰልኩት፤ የሰጡኝ አንድ ወረቀት ስለሆነ፣ በሕይወት መኖሬን ለእናቴ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።»