ከመጭመቂያው ሥር

«ስጠኝ» አለች እህቱ በሩ ላይ ቆማ። «መጽሐፉን ስጠኝ፤ ለእማዬ ልውሰድላት።»

እሱ የመጭመቂያውን ብሎን ግማሽ ዙር አጠበቀ። «ሙጫው አልደረቀም፣ እትዬ። አሁን ካወጣሁት ሽፋኑ ይጣመማል። ነገ ጠዋት።»

በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል የተጨመቀው መጽሐፍ እናታቸው ልጆች ሳሉ ስታወራላቸው የኖረችው ተረት ነው። በከተማው እንደሱ ትልልቆቹን ማተሚያ ቤቶች ጥለው በየጓዳቸው መጽሐፍ በእጅ መሥራት የጀመሩ ሦስት አራት ሰዎች አሉ። ጎረቤት «መጽሐፍ እንደ ሹራብ የሚሠራው» እያለ ይስቅበታል። ይሳቅ! ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ገጹን አትሞ፣ በመርፌና በክር ሰፍቶ ዘጠኝ ወር ፈጀበት። እናቱ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ የማተሚያውን ድምፅ ስትሰማ ከረመች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን እህል አልቀመሰችም።

«ማንበብ እንደሁ አትችል። ልዳብሰው ነው ያለችው» አለች እህቱ። «ቢጣመም እሷን ምን ይጎዳታል?»

«እኔን ይጎዳኛላ! የመጀመሪያ መጽሐፌ እኮ ነው። ለእማዬ ጠማማ ልስጣት? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

«ጅቡን ተወውና እናትህን እያት» ብላው ሄደች።

ክፉ ልጅ አልነበረም። እናቱን ይወዳል፤ ጣጣው ሥራውንም እንደሷ መውደዱ ነው። በትልቁ ማተሚያ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ጥድፊያ ያጣመመው መጽሐፍ በጭነት ሲወጣ እያየ አንጀቱ ሲያርር ኖሯል። ለእናቱ የሚሰጠው እንደዚያ እንዳይሆን ለራሱ ምሏል።

ጠረጴዛውን ወለወለ። የሙጫውን ብሩሽ ማጠብ ጀመረ። ከግድግዳው ወዲያ እናቱን ሳል ያዛት፤ ቆየት ብሎ ደገማት። ብሩሹን አጥቦ፣ አራግፎ፣ ሚስማሩ ላይ ሲሰቅለው የሳሏ ድምፅ ከቆመ መቆየቱ ታወቀው።

እህቱ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። አሁን ስጠኝ አላለችም።

ብሎኑን ፈታ። መጽሐፉ ወጣ፤ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተካከለ፣ እንከን የማይወጣለት። ሽፋኑን ገልጦ ውስጡን በጣቱ ነካው። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ያለው ልክ ነበር፤ ሙጫው ገና አልደረቀም።