የግራው እጀታ

የጌም ማሽኑ ሁለት እጀታ ነበረው። የቀኙን ሴት ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ ጥርስ ስታወጣ ነክሳዋለች፤ የግራው ተሰብሯል። ልጁን ከቀበረ ወዲህ፣ ማሽኑን እንኳ ላድን ብሎ ምትክ ፍለጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ምናለሽ ተራን ሲያስስ ከረመ።

ዛሬም ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ፣ "ያንን የማሽን ሣጥን ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቆረጣል፤ ተው፣ ይብቃህ" አለችው። እሱ ግን እንደ ልማዱ ወደ ገበያው ሄደ።

አመሻሹ ላይ አንድ ብረት ሻጭ ከሩቅ ጠራው። "ጋሼ፣ ዛሬስ ቀናህ! አንድ ቆራሌ ረፋድ ላይ ከአንዲት ሴት የገዛውን የጌም ማሽን ከነሣጥኑ አምጥቶልን፣ የቀረውን ለብረት አቅላጮች አራገፍነው። ይቺን እጀታ ግን ለአንተ ብዬ አስቀረኋት።"

በደስታ ተቀበለው። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አየው። ጫፉ ላይ የሁለት ትንንሽ ጥርሶች ምልክት አለ።