የእትዬ ፈለቀች ቀብር

ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው የሚላጥ ልጆች ያለንን እናቶች አፈላልገው ያሰባሰቡን እትዬ ፈለቀች ነበሩ። መስኮታችንን ሁሉ በጥቁር መጋረጃ የጋረዱልንም እሳቸው ናቸው። ቀብራቸው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ልጄን ናርዶስን፣ "አንቺ ቤት ቅሪ" አልኳት። አኮረፈች።

ልብሴን ቀይሬ ከጓዳ ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ናርዶስ የለችም!

"ልጄን ያየ! ልጄን ያያችሁ!" እያልኩ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ፊቷ ሲላጥ፣ ዓይኗ ሲጠፋ ታየኝ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ፣ ለቅሶው ቤት ተተክሎ የነበረው የእድር ድንኳን መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል። ጎረምሶች ምሰሶዎቹን ተሸክመዋል። ከሥሩ ልጆቹ ሁሉ አሉ፤ ናርዶስ ከፊት ናት።

የእድሩ ዳኛ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ኑዛዜያቸው ነው" አሉኝ። "'ከእንግዲህ እኔን ፀሐይ አይነካኝም፤ ድንኳኑን ይዛችሁ ልጆቼን ከየደጃቸው ሰብስቡልኝ' ብለውናል።"