የግራው ማቆሚያ

መሪጌታ ባንታየሁ የማይክ ማቆሚያውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ሙሉ ክብደታቸውን ሲጥሉበት ዘንጉ ሲጢጥ አለና ቁልቁል ሰመጠ። ባለሱቁ አብዱልፈታ ተንደርድሮ ክንዳቸውን ባይዝ ኖሮ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ከስፒከሮቹ መሃል ተዘርረው ነበር።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ማይክ እንጂ ሰው አይሸከምም!»

«ሰው ያልቻለ ምን ይችላል?» አሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «መቋሚያ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ማኅሌት ቆመህ የምታነጋበት ነገር ነው፤ ተደግፈኸው የማያነጋልህን አትገዛም።»

«የኔታ፣ ይሄ እኮ መቋሚያ አይደለም» አለች ሚዛን፣ ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች። ሚዛን በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ ለደብሩ የማይክ ማቆሚያ ሊገዙ አብራቸው የመጣችው የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ስለሆነች ነው። ለምሳ ደንበኞቿ ልትደርስ ቸኩላለች፣ መኪናዋንም ያቆመችው እዚህ ኢስትሊ ገበያ፣ መቆም በሚከለከልበት ቦታ ነው።

መሪጌታ ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። ሌላ አስወረዱ። ዘንጉን በጥፍራቸው ቆርቁረው ድምፁን አዳመጡ፤ ቆርቆሮ ነው። የማጥበቂያውን ብሎን ፈትተው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ፕላስቲክ ነው። «ይሄ እስከ ጥምቀት አይደርስም» አሉና መለሱት። ሦስተኛው እግሩ ወለሉን እኩል አይረግጥም፤ አራተኛውን ገና ሲያዩት ፊታቸውን አጨፈገጉ። አብዱልፈታ ተስፋ ቆርጦ ከጓዳ ክብ የብረት መቀመጫ ያለው ከባድ ማቆሚያ ተሸክሞ መጣ። ተደገፉት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄስ ወንድ ነው!»

«ሳዋ፣ ይሁን! እሱን እንውሰድ» አለች ሚዛን። «ያለን ብር ወይ ከእሱ አንድ፣ ወይ ከእነዚያ ከርካሾቹ ሁለት ይገዛል። አንድ ጠንካራ ይሻላል። መሃል ላይ እናቆመዋለን።»

«መሃል?»

«ታዲያስ የኔታ፣ ግራውን ማን ሊቆምበት ነው?»

ክፉ አስባ አልተናገረችም። እውነቷን ነው። ማኅሌት በቀኝና በግራ ይቆማል፤ ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል። በደብራቸው መቀበል የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መሪጌታ ራሳቸው ፊደል ሊቆጥር ከመጣበት ቀን ጀምረው ያስተማሩት ዲያቆን ዮፍታሄ። አሥራ አንድ ዓመት ግራውን ቆሞ ሲቀበላቸው ኖሮ፣ አምና የስደተኝነት ፕሮሰሱ አለቀለትና አውስትራሊያ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን መሪጌታ ቅዳሜ ማታ ቀኙን በስልክ ቀድተው ይልኩለት፣ እሱም ግራውን ቀድቶ ይመልስላቸው ነበር። ከዚያ መልሱ ሰኞ መምጣት ጀመረ። ከዚያ በበዓል በበዓል ሆነ። አሁን እሑድ እሑድ ቀኙን ይመሩና፣ የግራውን ደግሞ፣ ሰው እንዳይሰማባቸው፣ በአፋቸው ውስጥ ያጉተመትሙታል። ልጅ አልወለዱም፤ ቢወልዱም ከዚህ በላይ ይናፍቁት እንደሆን እንጃ።

ጠንካራውን ማቆሚያ አንድ ጊዜ አሻሹትና ወደ አብዱልፈታ ገፋ አደረጉት።

«ሁለቱን ስጠኝ።»

«የትኞቹን?»

«ርካሾቹን።»

«የኔታ!» ሚዛን ጮኸች። «አይረቡም ያሉት ራስዎ አይደሉ እንዴ?»

«አዎ፣ አይረቡም።»

አብዱልፈታ ራሱን አከከ። «አባቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሁለት ብሸጥ አልጠላም። ግን አላህ ያያል፣ ከሁለት ወር በላይ አይቆዩም።»

«ይሁን። ግራው ባዶ መሆኑ ይታይ» አሉ መሪጌታ። «መሃል ከቆምኩ ግን፣ የጎደለ ሰው እንዳለ ማን ያውቃል?»

ሚዛን የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ ማሽከርከሯን ተወች። እሷም ብትሆን ዮፍታሄን ከምግብ ቤቷ በር ነው ወደ ኤርፖርት የሸኘችው፤ እንደማይመለስ ታውቃለች። መሪጌታም ያውቃሉ። ቦርሳዋን ከፍታ ለሁለቱ ከፈለች።

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» አለ አብዱልፈታ ብሩን ሳይቆጥር ወደ ኪሱ እየከተተ። «እኛም ወሎ መንዙማ ያለ ተቀባይ አናወጣም።» ከዚያም ሳይጠየቅ ሁለቱን ማቆሚያዎች አንሥቶ በሱቁ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ትይዩ አቆማቸው። «እስቲ ቁመታቸውን ይለኩ። ቤት ከደረሱ በኋላ ብሎኑ እንቢ ቢል አላውቅልዎትም።»

መሪጌታ የራሳቸውን በከንፈራቸው ልክ አድርገው አጠበቁት። ከዚያ ተሻግረው የወዲያኛውን ከግንባራቸው በላይ ሳቡት፤ ዮፍታሄ ረጅም ነው። ዘንጉ ተንሸራተተ። መልሰው ሳቡት፣ ብሎኑን ጣታቸው እስኪነጣ አጠበቁት፣ ቆመም።

ወደ ቀኙ ተመለሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የእሑዱን መነሻ ቀስ ብለው መሩ። አብዱልፈታ በር ላይ የሚጮኸውን ስፒከር ሄዶ አጠፋው። ዜማው ቀኙ ማቆም ያለበት ቦታ ላይ ደረሰ፣ መሪጌታም አፋቸውን ገጠሙ። የግራውንም እንደ ወትሮው አላጉተመተሙም።

ሦስቱም ወደ ግራው ማቆሚያ ዞረው ጠበቁ።