የወንበሩ ላስቲክ

ሙስጠፋ በጋምቤላ ሙቀት የተሳፋሪ ጀርባ ላይ የሚጣበቀውን የመኪናውን ወንበሮች ላስቲክ ለዓመታት አላነሳም። «ኧረ አንሳልን!» ሲሉት «አዲስ መኪና ነው!» ብሎ ይቆጣል። ሲገዛው የአገሬ ልጆች የገጣጠሙት ነው ብሎ ኮርቶበት ነበር። ኢታንግ ሳይደርስ ሞተሩ ቢፈላም፣ በሩ በሽቦ ቢታሰርም፣ ለሱ ያው አዲስ ነበር።

መኪናውን የገጣጠመው ፋብሪካ ተዘጋ ሲባል መጀመሪያ «እሰይ፣ ይበላቸው! ሞተራቸው አቃጥሎኛል!» አለ። ወዲያው ግን መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጣ ሲያስብ ደሙ ፈላ። ላስቲኩን ከየወንበሩ ቦጫጭቆ ግቢው ውስጥ አቃጠለው።

ጠዋት መኪናውን ሲከፍት ወንበሮቹ ሁሉ ላስቲክ ለብሰዋል። አንድም እጥፋት የለውም፤ መኪናው አዲስ አዲስ ይሸታል።

«ፈይዛ! ማነው ይሄን ያለበሰው?» ብሎ ሚስቱ ላይ ጮኸ።

ፈይዛ ከቤት ወጥታ አየችውና ደጃፉ ላይ ቀረች። «ሙስጤ፣ ፊትህ ለምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?»

«ላብ ነዋ! በዚህ ሙቀት ምን ልሁን?»

ላቡን ሊጠርግ ግንባሩን በመዳፉ አበሰ። መዳፉ ደረቅ ነበር። ይባስ ተናዶ ጉንጩን ሲፈትግ፣ ጣቱ ከጆሮው ሥር የላስቲኩን ጠርዝ አገኘ።